ኤጅዉድና አላሞ ሃይትስ፦ አብዝተው የከፈሉት ለምን አንሶ ደረሳቸው?

በ1967–68 የትምህርት ዘመን (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የኤጅዉድ ትምህርት ዲስትሪክት ነዋሪዎች ከቤታቸውና ከመሬታቸው ግምት በየ100 ዶላሩ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ለትምህርት ቤት ግብር ይከፍሉ ነበር። በከተማውና በዙሪያው ካሉት ዲስትሪክቶች ከዚህ የሚበልጥ ምጣኔ አልነበረም። በዚያው አካባቢ የአላሞ ሃይትስ ዲስትሪክት ነዋሪ የሚከፍለው 85 ሳንቲም ነበር። ለግዛቱ የጋራ ፕሮግራም የሚዋጣው ድርሻ ከተነሳ በኋላ ግን ኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ሲቀረው፣ አላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ቀረው።

ከዚህ ሒሳብ የተነሳው ክርክር በ1973 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፈ፤ በ1989 ደግሞ በቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፈ፤ መፍትሔው ዛሬም ያወዛግባል። የዘርና የገንዘብ ልዩነት በምን በኩል ወደ መማሪያ ክፍል እንደሚገባ ለማየት ከዚህ የጠራ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። ተማሪውን በቆዳው ቀለም ከበር የሚመልስ ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ቀመር ነበር፤ ቀመሩም ሥራውን በየዓመቱ ያለ ማንም ትእዛዝ ይሠራ ነበር።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ

የትምህርት በጀት ከክልልና ከወረዳ ሲመደብ ላየ አንባቢ የአሜሪካው አሠራር እንግዳ ነው። የትምህርት ዲስትሪክት ማለት ከከተማው ምክር ቤት የተለየ፣ የራሱ ወሰንና የራሱ ተመራጭ ቦርድ ያለው፣ ግብር የመጣል ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ዲስትሪክቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአንዱ ግብር ከአንዱ ወሰን አይሻገርም። የቴክሳስ ዲስትሪክት ገንዘብ የሚያገኘው ከሦስት ቦታ ነው፦ በወሰኑ ውስጥ ካለ ንብረት ከሚሰበስበው ግብር፣ ከግዛቱ መንግሥት፣ ከፌዴራል መንግሥት።

ኤጅዉድ 22,000 ያህል ተማሪዎችና 25 ትምህርት ቤቶች ነበሩት። ከተማሪዎቹ 90 በመቶ ያህሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው፣ ከ6 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጥቁሮች ነበሩ። የቤተሰቡ መካከለኛ ገቢ በዓመት 4,686 ዶላር፤ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ግብር የሚጣልበት ንብረት ግምት 5,960 ዶላር። ሁለቱም በአካባቢው ዝቅተኞቹ ናቸው። አላሞ ሃይትስ 5,000 ያህል ተማሪዎችና 6 ትምህርት ቤቶች ሲኖሩት፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች 18 በመቶ፣ ጥቁሮች ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ 8,001 ዶላር፣ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ንብረት ከ49,000 ዶላር በላይ።

የቤተሰብ ገቢው ልዩነት እጥፍ እንኳ እንደማይሞላ፣ የንብረቱ ልዩነት ግን ከስምንት እጥፍ እንደሚያልፍ ልብ ይሏል። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግብሩ የሚጣለው በንብረት ላይ ስለሆነ፣ በየ100 ዶላሩ የምትጨመር አንዲት ሳንቲም ለኤጅዉድ በአንድ ተማሪ 60 ሳንቲም ገደማ ታስገባለች፤ ለአላሞ ሃይትስ 4 ዶላር ከ90። ቦርዱ ቆጣቢም ይሁን አባካኝ፣ ወላጁ ለትምህርት ይትጋም አይትጋም፣ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ንብረቱ ለምን ይህን ያህል ተለያየ? አንደኛው ምክንያት ኤጅዉድ ወሰን ውስጥ ከመኖሪያ ቤት በቀር ይህ ነው የሚባል የንግድ ድርጅት ወይም ፋብሪካ አለመኖሩ ነው። የአካባቢው ትልቁ ቀጣሪ የኬሊ አየር ኃይል ጦር ሰፈር ነበር፤ የፌዴራል መንግሥት ይዞታ ደግሞ የአካባቢ ንብረት ግብር አይከፍልም። ሠራተኛው በኤጅዉድ ይኖራል፣ ልጆቹ በኤጅዉድ ይማራሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን በግብር መዝገቡ ላይ የለም። ሁለተኛው ምክንያት የዘር ነው። በሳን አንቶኒዮ የተሻሉ ሰፈሮች የቤት ሽያጭ ሰነዶች ላይ ንብረቱ ለሜክሲኮ ተወላጆችና ለጥቁሮች እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎች ይጻፉ ነበር፤ እንዲህ ያሉትን ውሎች ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው። ውሎቹ ኃይል ሲያጡ ሰፈሮቹ ተሠርተው አልቀው፣ የመሬቱም ዋጋ ተለይቶ ነበር። የትናንቱ የዘር አጥር በዚህ መንገድ የዛሬ የግብር መሠረት ሆነ።

የግዛቱ ድጎማ ለምን አላስተካከለውም

ቴክሳስ ከ1949 ጀምሮ አነስተኛውን የትምህርት ወጪ የሚሸፍን የጋራ ፕሮግራም ነበራት። 80 በመቶ ያህሉን ግዛቱ፣ ቀሪውን 20 በመቶ ዲስትሪክቶቹ እንደ አቅማቸው በተመደበላቸው ድርሻ ያዋጣሉ። በሐሳብ ደረጃ ደሃውን የሚደግፍ ነው። በ1967–68 ግን ከዚህ ፕሮግራም ኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ 222 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ 225 ዶላር አገኙ። ማስተካከያ የተባለው ፕሮግራም ለሀብታሙ ሦስት ዶላር ጨመረለት።

ምክንያቱ የድጎማው ትልቁ ክፍል የመምህራን ደመወዝ መሆኑና ደመወዙም የሚሰላው በመምህሩ ዲግሪና የአገልግሎት ዘመን መሆኑ ነው። ሀብታሙ ዲስትሪክት ከራሱ ግብር በላዩ ላይ ጨምሮ ስለሚከፍል ዲግሪና ልምድ ያላቸውን መምህራን ይስባል፤ እነዚህን መምህራን ስለቀጠረ ደግሞ ግዛቱ የበለጠ ይልክለታል። ደሃው በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩትን ይቀጥራል፤ ስለዚህም ያነሰ ይላክለታል። በ1970–71 ከዚሁ ፕሮግራም የሚላከው ገንዘብ ለሁለቱም አድጎ ኤጅዉድ 356፣ አላሞ ሃይትስ 491 ዶላር ደረሱ፤ የሦስቱ ዶላር ልዩነት በሦስት ዓመት 135 ሆነ። ድጎማ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል ብሎ የሚያምን ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሞ ቢያያቸው ይጠቅመዋል። ጥያቄው ምን ያህል ተጨመረ ሳይሆን በምን ቀመር ተከፋፈለ ነው።

የፌዴራሉ ገንዘብ ደሃውን በትክክል ያገኘው ነበር፤ ለኤጅዉድ 108፣ ለአላሞ ሃይትስ 36 ዶላር። ሁሉም ተደምሮ በ1967–68 ለአንድ ተማሪ ኤጅዉድ 356፣ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር አወጡ (የኤጅዉድ ድምር ከላይ ካለው የ1970–71 ቁጥር ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው)። ልዩነቱ 238 ዶላር ነው፤ ሃያ አምስት ልጆች ላሉበት ክፍል በዓመት 5,950 ዶላር፤ በጊዜው ከአንድ መካከለኛ የኤጅዉድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ የሚበልጥ።

ይህ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ በፍርድ ቤት ሰነዱ ላይ ተዘርዝሯል። በኤጅዉድ አንድ መምህር ለ26.5 ተማሪ፣ በአላሞ ሃይትስ ለ20.5። በ1968–69 የአላሞ ሃይትስ መምህራን በሙሉ የኮሌጅ ዲግሪ ሲኖራቸው፣ በኤጅዉድ 80 በመቶ ብቻ። ከኤጅዉድ መምህራን 47 በመቶ ያህሉ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩ ነበሩ፤ በአላሞ ሃይትስ 11 በመቶ። የኤጅዉድ ከፍተኛው የመምህር ደመወዝ ከአላሞ ሃይትሱ 80 በመቶ ያህል ነበር። አንድ መምህር ኤጅዉድ ጀምሮ ልምድ ካገኘ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

“ታዲያ ግብራቸውን ለምን አይጨምሩም?” የሚለው መልስ በጊዜው ብዙ ተሰምቷል። ሳን አንቶኒዮ በምትገኝበት በቤክሳር ካውንቲ ካሉት ሌሎች ዲስትሪክቶች ከፍተኛው የሚያገኘውን ያህል ገቢ ለማግኘት አላሞ ሃይትስ በየ100 ዶላሩ 68 ሳንቲም ቢጥል ይበቃው ነበር፤ ኤጅዉድ ግን 5 ዶላር ከ76 ሳንቲም መጣል ነበረበት። የግዛቱ ሕግ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለሥራ ማስኬጃ የሚጣል ግብር ከ1 ዶላር ከ50 እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። ነዋሪው ቢፈቅድ እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም። ከዚያም ከፍ ያለ ምጣኔ ያለበት ሰፈር አዲስ ንግድ አይመጣም፤ ንግድ ካልመጣ ንብረቱ አያድግም፤ ንብረቱ ካላደገ ምጣኔውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ክሱ

ግንቦት 16 ቀን 1968 የኤጅዉድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ 400 ያህል ሆነው፣ ከክፍል ወጥተው ወደ ዲስትሪክቱ ቢሮ ሰልፍ ሄዱ። ጥያቄያቸው የሕገ መንግሥት ሳይሆን የመምህርና የሕንፃ ነበር፦ ብቁ መምህር ይመደብ፣ የፈራረሰው ይጠገን። ከወላጆቹ አንዱ ዲሜትሪዮ ሮድሪገስ ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ በኬሊ ጦር ሰፈር የብረታ ብረት ሠራተኛ። ወላጆቹ መጀመሪያ የዲስትሪክቱ አስተዳደር ገንዘቡን የት እንዳደረሰው ጠየቁ። ጠበቃው አርተር ጎክማን ሰነዶቹን ካየ በኋላ የነገራቸው ሌላ ነው፦ የተሰረቀ ገንዘብ የለም፤ ቀድሞውኑ አልመጣም። መከሰስ ያለበት ዲስትሪክቱ ሳይሆን የግዛቱ የገንዘብ አሰጣጥ ሥርዓት ነው።

በዚያው ዓመት ክሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። መነሻው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ግዛት ለማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳይነፍግ የሚለው። መጀመሪያ በአካባቢው ያሉ ሰባት ዲስትሪክቶች ተከሳሽ ነበሩ፤ በኋላ ፍርድ ቤቱ አወጣቸውና ግዛቱ ብቻ ቀረ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የሳን አንቶኒዮ ዲስትሪክት እንዲያውም ኋላ ላይ ለከሳሾቹ ደጋፊ ሆኖ ቆሟል፤ የሕግ መጻሕፍት ግን አሁንም ተከሳሽ አድርገው ያስቀምጡታል።

ሦስት ዳኞች የተቀመጡበት ችሎት በታኅሣሥ 23 ቀን 1971 ለወላጆቹ ፈረደ፤ ሥርዓቱ ደሃ ዲስትሪክቶችን አብዝተው እንዲከፍሉና አሳንሰው እንዲያገኙ ያደርጋል አለ፤ ለግዛቱም የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ከጥቂት ወራት በፊት የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ጉዳይ ለከሳሾች ወስኖ ስለነበር በመላው አገሪቱ ነገሩ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

አምስት ለአራት

መጋቢት 21 ቀን 1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታችኛውን ፍርድ በአምስት ለአራት ድምፅ ሻረ። ክሱ ሲቀርብና ሲወሰን በመካከሉ አምስት ዓመት አልፎ ፍርድ ቤቱ ሌላ ፍርድ ቤት ሆኖ ነበር፤ ዋና ዳኛ ኧርል ዋረን በ1969 በጡረታ ወጥተው ፕሬዚዳንት ኒክሰን አራት አዳዲስ ዳኞች ሾመው ነበር። አራቱም ከአምስቱ ጋር ናቸው። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ሉዊስ ፓወል ዳኛ ከመሆናቸው በፊት የሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ።

የውሳኔው አካሄድ እንዲህ ነው። አንድ ሕግ መሠረታዊ መብትን የሚነካ ወይም በዘር የሚለይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በጥብቅ ይመረምረዋል፤ እንዲህ ሲመረመር የሚተርፍ ሕግ ጥቂት ነው፣ ቴክሳስም ራሷ ሥርዓቷ ይህን ምርመራ እንደማያልፍ አልሸሸገችም። ሁለቱም ከሌሉ ግን ለሕጉ ምክንያታዊ ዓላማ ማሳየት ይበቃል። ስለዚህ ጠቅላላው ክርክር ያረፈው ጉዳዩ በየትኛው በር ይገባል በሚለው ላይ ነበር።

አብላጫው ሁለቱንም በሮች ዘጋ። ደሃ ሰዎች ሁልጊዜ ደሃ ዲስትሪክት ውስጥ አይኖሩም፤ ስለዚህ የተበደለው ወገን ማን እንደሆነ ተለይቶ አልታወቀም፤ ደግሞም ትምህርት ጨርሶ የተነፈገ ልጅ የለም አለ። ትምህርት የቱን ያህል ታላቅ ቢሆን በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በግልጽ የተጠበቀ መብት አይደለም ሲል ጨመረ። የቀረው ቀላሉ መመዘኛ ሲሆን፣ ለእሱም ዲስትሪክቶች ጉዳያቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ማስቻል የሚለው ምክንያት በቃ። ከጀርባው ሌላ ስጋትም ነበር፤ አንድ ግዛት አቀፍ ዲስትሪክት ብቻ ካላት ሃዋይ በቀር ግዛቶች ሁሉ በንብረት ግብር የሚደገፉ ስለነበሩ፣ ለኤጅዉድ መፍረድ የአገሪቱን የትምህርት ገንዘብ አሰጣጥ በአንድ ቀን መናድ ነበር።

ዳኛ ባይረን ዋይት በልዩነት ሐሳባቸው የ5 ዶላር ከ76ቱን ስሌት አስቀምጠው፣ በሕግ የተከለከለ ምጣኔ ካልጣለ በቀር ገቢ ማግኘት የማይችል ቦርድ ምን ምርጫ አለው ሲሉ ሞገቱ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በረጅሙ የልዩነት ሐሳባቸው የመምህራኑን ቁጥር ዘረዘሩ፤ በግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ውሳኔው የግዛቶችን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርጎ መክሰስን እንደማይከለክል ጠቆሙ።

በእኛ ግምት የክሱ ደካማ ጎን በሀብት ላይ መደገፉ ነው። በሀብት ሲከሰስ ደሃው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ መልሱም ይበታተናል። በኤጅዉድ ግን የሁለቱ ዲስትሪክቶች ንብረት ለምን ተለያየ ብሎ ወደ ሽያጭ ውሎቹ የሚመለስ መንገድ ነበር። በጊዜው ይህ መንገድ ክፍት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የሜክሲኮ ተወላጆች በትምህርት ቤት ጉዳይ ራሱን የቻለ የተገለለ ወገን መሆናቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ከዚህ ውሳኔ ሦስት ወር በኋላ በዴንቨር ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1974 ደግሞ እነዚያው አምስት ዳኞች በዲትሮይት ጉዳይ፣ ሌሎቹ ዲስትሪክቶች ጥፋት መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ በቀር፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማደባለቅ የዲስትሪክት ወሰን መሻገር እንደማይገባ ወሰኑ። ገንዘቡ ወሰን አይሻገርም፣ ተማሪውም አይሻገርም። የሁለቱን ውሳኔዎች ክብደት ለየብቻ የሚመዝን ሰው ግማሹን ያጣዋል።

ወደ ግዛቱ ፍርድ ቤት

ማርሻል የጠቆሙትን መንገድ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ13 ቀን ውስጥ ሄደበት፤ የገንዘብ አሰጣጡን በራሱ ሕገ መንግሥት ሻረ። ቴክሳስ ቆየች። የሜክሲኮ አሜሪካውያን የሕግ መከላከያና የትምህርት ፈንድ በ1984 ለኤጅዉድና ለሌሎች ዲስትሪክቶች በግዛቱ ፍርድ ቤት አዲስ ክስ መሠረተ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪው ብቁና ውጤታማ የነፃ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት እንዲያቋቁም ያዛል፤ በፌዴራሉ ሰነድ የጠፋው ቃል እዚህ በግልጽ ተጽፏል።

በጥቅምት 2 ቀን 1989 ዘጠኙም ዳኞች ለከሳሾቹ ፈረዱ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ንብረት በኤጅዉድ 38,854፣ በአላሞ ሃይትስ 570,109 ዶላር ነበር። በ1968 ከስምንት እጥፍ ትንሽ ያለፈው ልዩነት አስራ አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በመላው ግዛት ደግሞ ሀብታሙ ዲስትሪክት ከደሃው ጋር 700 ለ1 ነበር። 100ዎቹ ደሃ ዲስትሪክቶች በአማካይ 2,978፣ 100ዎቹ ሀብታሞች 7,233 ዶላር ለአንድ ተማሪ ያወጡ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መመዘኛ ተጨባጭ ነው፦ ተመሳሳይ የግብር ጥረት ያደረጉ ዲስትሪክቶች ለአንድ ተማሪ የሚቀራረብ ገቢ ማግኘት አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕግ አውጪው መንገታገት ነው። የ1990ው ሕግ ገንዘብ ጨምሮ ከሁሉም የበለጡትን 5 በመቶ ሀብታም ዲስትሪክቶች ሳይነካ ስላለፈ በጥር 1991 ወደቀ። ቀጥሎ 188 የካውንቲ የትምህርት ዲስትሪክቶች ተፈጥረው ግብሩን በካውንቲ ደረጃ እንዲሰበስቡ ተደረገ፤ ይህም በጥር 1992 ወደቀ፤ በተግባር የግዛት ንብረት ግብር ነው፣ እሱን ደግሞ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ይከለክላል ተባለ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በግንቦት 1 ቀን 1993 ድምፅ ተሰጠ፤ ሕዝቡ እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ለሰኔ የሰጠው ቀነ ገደብ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ሦስተኛው ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ከሀብታም ነጥቆ ለደሃ በሚሰጠው ሽፍታ ስም ሮቢን ሁድ አለው።

ሕጉ በክብደት ለተሰላ አንድ ተማሪ (ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ተማሪ ከአንድ በላይ ሆኖ በሚቆጠርበት ስሌት) ከ280,000 ዶላር በላይ ንብረት ያለው ዲስትሪክት ትርፉን እንዲያካፍል አስገደደ። አምስት ምርጫ ሰጠው፦ ከሌላ ዲስትሪክት ጋር መዋሐድ፣ ከንብረቱ ቆርሶ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ለግዛቱ ገንዘብ መክፈል፣ የሌላ ዲስትሪክት ተማሪዎችን ወጪ በውል መሸፈን፣ ወይም የግብር መሠረትን ብቻ ማቀላቀል። በተግባር ዲስትሪክቶቹ መሬታቸውንና ወሰናቸውን ላለመንካት ሲሉ ገንዘቡን መክፈልን መረጡ። ሕጉ በ1995 የፍርድ ቤቱን ምርመራ አለፈ። አላሞ ሃይትስ ከከፋዮቹ አንዱ ሆነ።

የት ላይ ያፈሳል

ሮቢን ሁድ ልዩነቱን በእርግጥ አጠበበ። ግን ቀዳዳዎች አሉት፤ የቴክሳስ ነዋሪ የሆነ አንባቢም በየዓመቱ በሚደርሰው የግብር ወረቀት ላይ ሊያያቸው ይችላል።

የመጀመሪያው የሕንፃ ገንዘብ ነው። የትምህርት ዲስትሪክት ግብር ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ፣ ሌላው ለቦንድ ዕዳ። ለማካፈል የሚገደደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ስታዲየም፣ የአየር ማቀዝቀዣ የሚሠራው በቦንዱ ስለሆነ በዚህኛው ወገን የ1968ቱ ሒሳብ እንደነበረ አለ፦ ሀብታሙ በጥቂት ሳንቲም ብዙ ሚሊዮን ያነሳል። ግዛቱ ከ1997 ጀምሮ ደሃ ዲስትሪክቶችን በሕንፃ ዕዳ ያግዛል፤ እኩል ግን አያደርግም።

ሁለተኛው፣ ከመሠረታዊው ምጣኔ በላይ ከሚጨመሩት ሳንቲሞች የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ አይካፈሉም፤ የትምህርት ሰዎች ወርቃማ ሳንቲሞች ይሏቸዋል። ሦስተኛው፣ የቴክሳስ ገንዘብ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ሳይሆን በየቀኑ በአማካይ ክፍል በተገኘ ተማሪ ነው። በሕመም፣ በመኖሪያ መቀያየር፣ በትራንስፖርት እጦት የሚቀር ልጅ የሚበዛው ደሃ ሰፈር ውስጥ ነው፤ መምህሩ፣ ሕንፃውና መብራቱ ግን ልጁ ቢቀርም ይከፈልባቸዋል። አራተኛው ብዙ ቁጣ የሚቀሰቅሰው ነው፤ ከሀብታሞቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለደሃው በላዩ ላይ አይጨመርም፣ ግዛቱ ከራሱ ካዝና ሊያወጣ የነበረውን ይተካል። የቤት ዋጋ በጨመረ ቁጥር የግዛቱ ሸክም ይቀላል።

ዋጋ የሚጨምርበት ከተማ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ሂዩስተን ብዙ ደሃ ተማሪዎችን ይዞ በ2016–17 የከፋዮቹ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ነዋሪዎቹ በኅዳር 2016 አንከፍልም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ባይከፍሉ የንግድ ሕንፃዎቻቸው ከግብር መሠረታቸው ተቆርጠው ለሌላ ዲስትሪክት እንደሚሰጡ ሲረዱ በግንቦት 2017 ተስማሙ። ኦስቲንም በደሃ ተማሪዎች የተሞሉ ትምህርት ቤቶች እያሉት ከሁሉ በላይ ከፋይ ሆኖ ቆይቷል። ቀመሩ የሚያየው የሕንፃን ዋጋ ነው፤ በሕንፃው ጥላ ሥር በኪራይ የሚኖረውን ቤተሰብ አያይም። ይህን ለማቃናት ለድሃ ተማሪና እንግሊዝኛ ለሚማር ተማሪ ተጨማሪ ክብደት ይሰጣል። ለድሃ ተማሪ ከ1984 ጀምሮ 0.2 ነበር፤ በ2019 ሕግ እንደ ሰፈሩ የድህነት ደረጃ ከ0.225 እስከ 0.275 ሆነ። እንግሊዝኛ ለሚማር ተማሪ የሚሰጠው መደበኛው ክብደት በዚያ ሕግ 0.1 ነበር። በሌላ አነጋገር አዲስ መጥቶ ቋንቋ የሚማር ልጅን ለማስተማር አንድ አሥረኛ ብቻ ተጨማሪ ወጪ ይበቃል ተብሎ ታስቧል፤ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ይህን ስሌት ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት ይቻላል።

በግንቦት 2016 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዲስትሪክቶችን ሌላ ትልቅ ክስ አይቶ ሥርዓቱ የተወሳሰበና ብዙ መሻሻል የሚሻ ነው፤ ቢሆንም የሕገ መንግሥቱን ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ሕግ አውጪው ዞሯል። ዲሜትሪዮ ሮድሪገስ በ2013 አርፈዋል። ኤጅዉድ ደግሞ የ1968ቱን ተማሪ ግማሽ እንኳ አልያዘም፤ ቁጥሩ ከ10,000 በታች ወርዷል፤ ገንዘብ ተማሪን ስለሚከተል ትምህርት ቤቶችን መዝጋት የቦርዱ ሥራ ሆኗል።

በዳላስ፣ በጋርላንድ ወይም በሂዩስተን ቤት ለመግዛት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው “ዲስትሪክቱ ጥሩ ነው ወይ?” ብሎ ነው። ከደረጃ ሰንጠረዡ የበለጠ የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሁሉም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ከካውንቲው የንብረት ግምት ቢሮ የዲስትሪክቱ ግብር ለሥራ ማስኬጃና ለቦንድ ዕዳ ለየብቻ ስንት እንደሆነ ይታያል። ከዲስትሪክቱ በጀት ለግዛቱ የሚመልሰው ገንዘብ አለ ወይስ የለም የሚለው ይታያል። ከግዛቱ የትምህርት ኤጀንሲ ዓመታዊ የትምህርት ቤት ሪፖርት ደግሞ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ልምድ ያላቸው መምህራን ድርሻ ይታያል። የመጨረሻውን በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ በትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ የዲስትሪክቱ አማካይ ጥሩ ሆኖ አዳዲሶቹ መምህራን በሙሉ በአንድ ወገን ተጠራቅመው ከሆነ፣ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ለሕዝብ አስተያየት በሚሰጠው ደቂቃ ተነስቶ መጠየቅ የማንኛውም ወላጅ መብት ነው፤ ለመናገር ከስብሰባው በፊት መመዝገብ ስለሚያስፈልግ የምዝገባውን ሰዓት ከአጀንዳው ላይ ማየት ይገባል።